ከምሳሩ በፊት ያለች ዓመት

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 13፥1-9፤ ዳንኤል 1፥8-16



በወረታና በፎገራ ሜዳ ዙሪያ ሰው ሲታመም የሚሄድባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንዱ ጸበል ይጠመቃል። ሌላው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርዶ ይሰነብታል። በወንጌል ያመነው ደግሞ ወደ ጸሎት ቤት መጥቶ ሽማግሌዎች እንዲጸልዩለት ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከመሸ በኋላ፣ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታል ይታሰባል።

በመጋቢነት ዘመናችን በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ብዙ ጥያቄ ተጠይቀናል። «ምን በድዬ ነው?» የሚል አለ። «እግዚአብሔር ይፈውሰኛል ወይ?» የሚል አለ። «መድኃኒት ብውጥ እምነቴ ጎደለ ማለት ነው ወይ?» የሚልም አለ። እነዚህን በነገረ መለኮት ኮሌጅ ተምረናቸዋል፤ በአገልግሎትም ለምደናቸዋል። አንድ ጊዜ ግን መምህሮቻችን ያላስተማሩን ጥያቄ በስልክ መጣልን፦ «በመድኃኒት ሙከራ ጥናት እንድገባ ጠይቀውኛል፤ ልፈርም ወይ?»

ዛሬ ስለዚህ ጥያቄ ልናካፍላችሁ ወደድን። ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በየአገሩ ተበትነዋል፤ በገዛ አገራችንም የመድኃኒት ሙከራ ጥናቶች ይካሄዳሉ። ነገ ከእናንተ መካከል ለአንዱ ወይም ለአባቱ ያ ቅጽ ሊቀርብለት ይችላል።

«እባቡን አቅፌ ልተኛ?»

ጠያቂው በዚሁ በፎገራ ተወልዶ ያደገ፣ በአውሮፓ የሚኖር ወንድም ነበር። ጊዜው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሽንቱ ደም ቀላቅሎበት ሲመረመር በግራ ኩላሊቱ ላይ ትልቅ ዕጢ ተገኘ። ካንሰር ነበር፤ ወደ ሳንባውም ተሰራጭቶ ነበር።

የጥናቱ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ኩላሊቱን አስቀድሞ አውጥቶ መድኃኒቱን ማስከተል ይሻላል? ወይስ መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ሰጥቶ ቀዶ ጥገናውን ማዘግየት? ማን በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ የሚወሰነው በዕጣ ነው።

ቤተሰቡ በሦስት ተከፈለ። እናቱ «ልጄን አምጡልኝና ወንዛዬ ወስጄ ላጥበው» አሉ። በእኛ ጉባኤ የምታገለግል እህቱ፣ መፈረም በሽታውን መቀበል ነው የሚል ቃል ከአንድ ሰው ሰምታ ተጨነቀች። እሱ ራሱ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረው። «ፓስተር» አለን፣ «ዕጣው ዘግይቶ ከሚቆረጠው ክፍል ቢጥለኝስ? እባብ ሆዴ ውስጥ መኖሩን እያወቅሁ ለወራት አቅፌው ልተኛ? አሁኑኑ ያውጡልኝ እንጂ!»

ዝም ብሎ «በርታ፣ እንጸልያለን» ማለት ቀላል ነበር። እኛ ግን ጥቂት ቀን እንዲሰጠን ለመንነው። በጉባኤያችን ያለች ሐኪም እህት ይዘን ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ተቀመጥን። ያን ጊዜ የተማርነውንና ከዚያ ወዲህ የታወቀውን በአጭሩ እንነግራችኋለን።

ቦዩን መዝጋት

በርብና በጉማራ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ማሳ ውኃ ጠጥቶ ሳለ «ጠማኝ» እያለ ቢዋሽ፣ ባለቤቱም አምኖት ቦይ ላይ ቦይ ቢቆፍርለት፣ የጎረቤቱ ማሳ ሁሉ ይደርቃል። በብዛት የሚታየው የኩላሊት ካንሰር ዓይነት የሚያደርገው እንዲህ ነው። ሰውነታችን ኦክስጅን ሲያንሰው አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ትእዛዝ ያስተላልፋል። ኦክስጅን ሲኖር ደግሞ ያን ትእዛዝ የሚሽር ዘበኛ አለ፤ ቪ.ኤች.ኤል. የሚባል ጂን ነው። በዚህ ካንሰር ውስጥ ዘበኛው አብዛኛውን ጊዜ ተበላሽቷል። ስለዚህ ዕጢው አየር ሳያጣ «ታፈንሁ» ብሎ ይጮኻል፤ ሰውነትም አምኖት የደም ሥር ይዘረጋለታል። ሰውነት ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለካ ያገኙት ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሰሜንዛ በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለይተው የሚመቱ የሚባሉት መድኃኒቶች የመጡት በዚህ በኩል ነው። በፍጥነት የሚራባውን ሕዋስ ሁሉ እንደሚያጠቃው እንደ ቀድሞው ኬሞቴራፒ አይደሉም፤ አንድ የታወቀ መልእክት ይዘጋሉ። ሶራፌኒብ በ2005 መጨረሻ፣ ሱኒቲኒብ በ2006 መጀመሪያ በአሜሪካ ለኩላሊት ካንሰር ተፈቀዱ። የሁለቱም ዋና ሥራ ቦዩን መዝጋት ነው። በአገራችን የዚህ ዓይነት መድኃኒት ለብዙዎች የታወቀው በኢማቲኒብ ነው። ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር የሚሰጥ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በእርዳታ ፕሮግራም በኩል በነጻ ሲታደል ቆይቷል። በእርሱ የቆሙ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ።

ነገር ግን ቦይ መዝጋት ነቅሎ መጣል አይደለም። ሱኒቲኒብ ዕጢውን ሊያኮስሰው ወይም ሊያቆመው ይችላል፤ የተሰራጨውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አያጠፋውም። ዋጋም ያስከፍላል። ድካም፣ የደም ግፊት፣ የአፍ መቁሰል፣ የእጅና የእግር መዳፍ መላጥ ያመጣል።

ቢላዋው ይቅደም ወይስ መድኃኒቱ?

ታዲያ የትኛው ይቅደም? መድኃኒቶቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ በ2001 የታተሙ ሁለት ጥናቶች ኩላሊቱን አውጥቶ ኢንተርፌሮን መስጠት ኢንተርፌሮንን ብቻውን ከመስጠት እንደሚሻል አሳይተው ነበር። ስለዚህ በሽታው ቢሰራጭም አስቀድሞ መቁረጥ ልማድ ሆነ። አዲሶቹ መድኃኒቶች ሲመጡ ግን «ዛሬም እንዲያ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ወንድማችን ሲደውልልን መልሱን በምድር ላይ የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። ይህን አስተውሉ። ሐኪሞቹ ቅጽ ያቀረቡለት ስላላወቁ ነው፤ አለማወቃቸውንም በጽሑፍ መስክረውለታል።

መልሱ የመጣው ዘግይቶ ነው። ካርሜና የተባለው፣ በአብዛኛው በፈረንሳይ የተካሄደው ጥናት 450 ሰዎችን አሳትፎ በ2018 ታተመ። መጀመሪያ ተቆርጠው ሱኒቲኒብ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ13.9 ወር በላይ ኖሩ፤ ሱኒቲኒብን ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ18.4 ወር በላይ። ለብዙ ዓመት ግድ ነው ሲባል የኖረው ቢላዋ በሽታው ለጠናባቸው ሰዎች ግድ እንዳልሆነ ታወቀ።

ሰርታይም የተባለው ሁለተኛው ጥናት ለወንድማችን ጥያቄ ይበልጥ ይቀርባል። አንዱ ክፍል ወዲያው ተቆርጦ መድኃኒቱን ቀጠለ። ሌላው ክፍል ሦስት ዙር ሱኒቲኒብ ከወሰደ በኋላ ተቆረጠ። ቀዶ ጥገናው በዘገየላቸው መካከል ግማሾቹ ከ32.4 ወር በላይ፣ ወዲያው በተቆረጡት መካከል ደግሞ ግማሾቹ ከ15 ወር በላይ ኖሩ። ሌላም ነገር ታየ። መድኃኒቱን እየወሰዱ በሽታው የገፋባቸው ሰዎች ከማይጠቅማቸው ቀዶ ጥገና ዳኑ። የጥበቃው ጊዜ ራሱ ማን በቢላዋ እንደሚጠቀም መለያ ሆነ።

ይሁን እንጂ ልብ የሚነካው ቁጥር ሌላ ነው። ለሰርታይም 458 ሰዎች ያስፈልጉ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ የተገኙት 99 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ውጤቱን በጥንቃቄ እንድንይዘው አሳሰቡ። መልሱ ጎዶሎ የሆነው ሰው ስለጎደለ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁ ሌሎች መድኃኒቶች መጥተው ሱኒቲኒብን ከፊተኛው ቦታው አንሥተውታል፤ ያው ጥያቄም ከእነርሱ ጋር እንደገና እየተጠየቀ ነው።

ዳንኤልና አሥሩ ቀን

እህታችን «መፈረም አለማመን ነው» የሚለውን ቃል ይዛ ስትመጣ ዳንኤል ምዕራፍ አንድን አብረን ከፈትን። ዳንኤል በንጉሡ ማዕድ ላለመርከስ በልቡ ቆርጧል። ጠባቂው ግን ፈርቷል። ዳንኤል ምን አደረገ? «እግዚአብሔር ተናግሮኛል፤ አትጠይቀኝ» አላለም። ራሱንና ጓደኞቹን ለፈተና አቀረበ። ጊዜ ወሰነ፤ አሥር ቀን። ማነጻጸሪያ አቆመ፤ ከንጉሡ ማዕድ የሚበሉት ብላቴኖች። ፍርዱንም ለሚታየው ነገር ተወ። የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል ከጥንታዊዎቹ የማነጻጸሪያ ሙከራዎች አንዱ አድርገው ይጠቅሱታል። ለእኛ ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን እምነቱ ነው፤ የዳንኤል እምነት መቆጠርንና መታየትን አልፈራም።

የፎገራ ገበሬ ይህን በእርሻ ያውቀዋል። ሩዝ ወደዚህ ሜዳ የገባው ብዙዎቻችን ልጆች ሳለን ነው። ዛሬ በወረታ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አለ። አዲስ ዝርያ ሲመጣ በወሬ አይታመንም። ከነባሩ ጎን፣ በአንድ አፈር፣ በአንድ ውኃ ይዘራና በአዝመራ ይታያል። ዕጣውም እንግዳ አይደለም። ቅርጫ ስንካፈል መደቡን በዕጣ የምንለየው ማንም ለወዳጁ ሙዳ ሥጋ እንዳያደላ ነው። በሕክምና ጥናትም ዕጣ የሚጣለው ሐኪሙ ጠንካራውን በሽተኛ ወደ አንድ ወገን እንዳያደላ ነው። ዕጣ በሰው እጅ ቢጣልም ፍርዱ ከጌታ እንደሆነ ምሳሌ 16 ያስተምረናል።

እህታችንን ስለ ሕዝቅያስም አስታወስናት። ነቢዩ ኢሳይያስ ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ቃል አምጥቶለት ሳለ፣ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ተስፋው ጥፍጥፉን አላስቀረውም፤ ጥፍጥፉም ተስፋውን አላሳነሰውም። እህታችን ለወንድሟ መጾሟን ቀጠለች፤ «አትፈርም» ማለቷን ግን ተወች።

«የሙከራ አይጥ» የሚለው ፍርሃት

ወንድማችን ሌላም ነገር ብሎን ነበር፦ «ጥቁር ስለሆንሁ መሞከሪያ ሊያደርጉኝ እንዳይሆን።» ይህን ፍርሃት አላቃለልንበትም፤ ምክንያት አለውና። በአሜሪካ ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ ያለባቸው 400 ያህል ጥቁር ወንዶች እውነቱ ሳይነገራቸው ተጠንተዋል። ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳ ተነፍገዋል። ይህ በእግዚአብሔር ፊት የሚጮኽ ኃጢአት ነው። ዛሬ ቅጽ የሚቀርበው፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚመረምረው፣ ሰው በፈለገው ቀን «ወጣሁ» ማለት የሚችለው እንዲህ ያለው ግፍ እንዳይደገም ነው። በ1964 የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ያወጣው መግለጫ የዚህ ሥርዓት ዋና ድንጋይ ነው። በአገራችንም አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ለመሞከር የሥነ ምግባር ኮሚቴና የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል።

ደግሞም ወገኖች፣ ይህ ነገር የፈረንጅ አገር ብቻ አይደለም። ከ2005 ጀምሮ በሊቦ ከምከምና በፎገራ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። ወባ ነው ሲባል የነበረው፣ ሰውን አክስቶ ሆዱን የሚነፋው ትኩሳት ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ ሕክምናው ሲጀመር በሁለት ዓመት ያህል ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ታከሙ። በዚያ ዘመን የታወቀው ሕክምና 30 ቀን የሚወጉት መርፌ ነበር። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ ጥናት ተደረገ፤ ጎንደርና አርባ ምንጭም ነበሩበት። በዚያ ጥናት በዕጣ ተመድበው ከታከሙት ሰዎች የተነሣ፣ በዚያ መርፌ ላይ ፓሮሞማይሲን የተባለው መድኃኒት ሲጨመር 17 ቀን እንደሚበቃ ታወቀ። በ2010 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ይህን ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ። በጎንደር ለካላዛር ከሚታከሙት ብዙዎቹ ወደ ሁመራና መተማ ለቀን ሥራ የሚወርዱ ድኾች ናቸው። እንደ እነርሱ ያሉ ሰዎች ገላቸውን ስለሰጡ፣ ዛሬ የጎረቤትህ ልጅ ከመርፌው 13 ቀን ይቀርለታል። ስማቸውን አናውቅም። ከኋላቸው የሚመጣውን ሰው ስም እነርሱም አላወቁም። እኛ ይህን ፍቅር እንለዋለን።

የሆነው ነገር

ወንድማችን ፈረመ። «ፈርም» አላልነውም፤ ሸክሙ የእርሱ ነበር። ያልነው «ብትፈርምም ባትፈርምም የእግዚአብሔር ልጅ ነህ፤ በየትኛውም ክፍል ብትመደብ ከእጁ አትወጣም» ነው። ዕጣውም ከፈራው ክፍል ጣለው፤ መድኃኒቱ ቀደመ፣ ቢላዋው ዘገየ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ነበሩ። መዳፉ ተላጠ፤ አፉ ቆሰለ፤ ጣዕም ጠፋው። ዕጢው ግን ጥቂት ቀነሰ፤ የሳንባውም ባለበት ቆመ። በጉባኤያችን እልል ተባለ። በሁለተኛው ምርመራ ግን በአጥንቱ ውስጥ አዲስ ነገር ታየ። ሐኪሞቹ ኩላሊቱን ማውጣት እንደማይጠቅመው ነገሩት። ያን ቀን በስልክ ብዙ አልቅሷል፤ እኛም ከእርሱ ጋር አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ሌላ መድኃኒት ተሰጠው፤ ጥቂትም በረታ። ለፋሲካ አገሩ ገባ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአባታቸው መሬት ምክንያት ዘጠኝ ዓመት አይነጋገሩም ነበር። ሽማግሌ ሳይላክ ራሱ ሄዶ የወንድሙን ጉልበት ሳመ፤ አብረው በሉ። እናቱ ወንዛዬ ካልወሰድሁህ ብለው ስላስቸገሩት አብሯቸው ወረደ፤ ለእርሳቸው ደስ ይበላቸው ብሎ የዳነውን እግሩን በፍል ውኃው ነከረ። ለእኛም «ፓስተር፣ ቢላዋው ቀድሞኝ ቢሆን ይህን ጊዜ ቁስል ሳስታምም ነበር የማሳልፈው» አለን። በዓመቱ በጌታ አንቀላፋ። እነዚያ ጥናቶች ሲታተሙ በሕይወት አልነበረም።

አልተፈወሰም ማለት ነው? በሥጋው አልተፈወሰም። ይህን ሸፍነን ምስክርነት አናደርገውም። ነገር ግን የተሰጠችው ዓመት ባዶ አልነበረችም።

ፍሬ ያላፈራችው በለስ

አሁን ሉቃስ 13ን በጥንቃቄ እንመልከት። ብዙ ጊዜ የበለሷን ምሳሌ ከላዩ ካለው ታሪክ ነጥለን እንሰብካለን። ምዕራፉ የሚጀምረው ግን በሞት ወሬ ነው። ጲላጦስ የገደላቸው የገሊላ ሰዎች አሉ፤ የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱ አሥራ ስምንት ሰዎች አሉ። ሰዎቹ በልባቸው የያዙት ጥያቄ «እነዚህ ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ነበሩን?» የሚል ነው። ጌታ «አይደሉም» ብሎ መለሰ፤ ጥያቄውንም ወደ ጠያቂዎቹ አዞረው። ስለዚህ በካንሰር አልጋ አጠገብ ቆመን የተኛውን ሰው ኃጢአት የምንቆጥር ከሆነ ጌታ በዚያ ቀን የገሠጻቸውን ሰዎች መስለናል። ንስሐ የሚገባው የቆመውም ሰው ነው።

ምሳሌው የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ፍሬ ፈልጎ አጥቷልና ዛፏ ትቆረጥ አለ። አትክልተኛው ግን አንድ ዓመት ለመነላት። ያቺ ዓመት ዝም ተብላ የምታልፍ አይደለችም። ይኮተኩታታል፤ ፍግ ያደርግላታል፤ ከዚያም ይታያል። ምሳሌው ስለ ንስሐ ነው፤ ስለ ኩላሊት አይደለም፤ የሐኪም ቢላዋም የፍርድ ምሳር አይደለም። ነገር ግን ስለ ዘገየ ጊዜ የሚያስተምረን አለ። መዘግየት ሁሉ ቸልታ አይደለም። ሥራ ያለበት መዘግየት አለ፤ ምሕረት ያለበት መዘግየት አለ።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ጌታ ዛፏ አፍርታ እንደሆነ አልነገረንም። ምሳሌው መጨረሻው ሳይታወቅ ይቆማል። ሰሚው ሁሉ «ዓመቷ አሁን ናት» ብሎ እንዲኖር ነው እንጂ ውጤቱን አውቆ እንዲያርፍ አይደለም። ቅጹን የሚፈርም ሕመምተኛም የሚቆመው እዚያ ቦታ ላይ ነው። እኛ ሁላችን የምንኖረውም እዚያው ነው።

የምንመክራችሁ

አንደኛ፣ ሽንታችሁ ደም ከቀላቀለ፣ ባያማችሁም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ታዩ። ካንሰሩ ከኩላሊት ሳይወጣ ከተገኘ ዋናው ፈውስ ቀዶ ጥገና ነው። ከላይ ያልነው ስለ ተሰራጨው በሽታ ነው። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሐኪም ያዘዘለትን ቀዶ ጥገና የሚያዘገይ አይኑር።

ሁለተኛ፣ ቅጽ ሲቀርብላችሁ በሚገባችሁ ቋንቋ እንዲነበብላችሁ ጠይቁ። ጥናቱን ማን ፈቀደው? ባልገባ ምን ሕክምና አገኛለሁ? ጉዳቱ ምንድን ነው? ብወጣ ሕክምናዬ ይቋረጣል ወይ? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱን ማን ይሰጠኛል? ጠያቂን የሚቆጣ አጥኚ ካጋጠማችሁ አትፈርሙ።

ሦስተኛ፣ እናንተ አገልጋዮች፣ በትንቢት ስም የማንንም መድኃኒት አታስጥሉ። ጸሎታችን ከሐኪሙ ጋር ፉክክር የለበትም። ለታመመው ስንጸልይ ላልታወቀው መልስ ለሚደክሙትም እንጸልይ።

አራተኛ፣ የታመማችሁ ወገኖች፣ ዘግይቷል የምትሉት ነገር ሁሉ ተከልክሏል ማለት አይደለም። በእጃችሁ ያለችው ጊዜ አጭር ትሁን ረጅም ለመታረቅ ትበቃለች፤ ከሰውም፣ ከእግዚአብሔርም። ጌታን ገና ያላወቃችሁ አንባቢዎችም ብትሆኑ ይህችን ዓመት የለመነላችሁ አለ።

እንጸልይ፦

ጌታ ሆይ፣ ምክንያቱን ሳናውቅ የታመሙብንን ወገኖች እናቀርብልሃለን። በፍርሃት ቅጽ ይዘው የተቀመጡትን አጽናቸው። «አላውቅም» ብለው ለሚመረምሩ ሐኪሞች ጥበብና እውነተኝነት ስጣቸው። ለማያውቁት ሰው ገላቸውን የሰጡትን አስብ። እኛንም ከፈራጅነት አውጣን። የሰጠኸንን ዓመት በፊትህ ፍሬ እንድናፈራባት እርዳን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።